ከከረሜላው ጀርባ

ቆንጂት ዳገቱ መሃል ላይ ስትደርስ መጮህ ጀመረች። ቆንጂት መኪና ናት፤ ክብ ክብ መብራት ያላት፣ የሚጢጢን እናት በዕድሜ የምትበልጥ ሰማያዊ አሮጌ መኪና። ጩኸቷ ቀጭን ነው፣ ጥርስ ያፋጫል። ዳቦ ይዞ የሚያልፍ ሰውዬ ፊቱን አጨማዶ ዞረ። ከኋላቸው ያለው የታክሲ ሾፌር አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ኧረ የሞተሯን ቺንጊያ እዩላት!» አለ።

እቴቴ ግን መሪውን ይዛ ታንጎራጉራለች።

«እቴቴ፣ አይሰማሽም?» አለች አጠገቧ የተቀመጠችው ሚጢጢ።

እቴቴ የሚጢጢን ከንፈር አየች። በቅርቡ ያመጣችው አመል ነው፤ ሰው ሲያናግራት ከዓይኑ ይልቅ ከንፈሩን ታያለች። «ምኑ?»

«ጩኸቱ ነዋ!»

እቴቴ ጆሮዋን ወደ ሞተሩ ዘንበል አድርጋ አዳመጠች። «ምን ሆነች? እንደ ንብ እያለች እኮ ነው!»

ንቧ ዳገቱን ሳትጨርስ ከኮፈኗ ሥር ነጭ እንፋሎት ለቀቀችና ቆመች።

እቴቴ የሚጢጢ እናት ታላቅ እህት ናት። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ አዋላጅ ነበረች፤ ቆንጂትም ስንቷን ምጥ የያዛት ሴት ሆስፒታል አድርሳለች። የእቴቴ ኩራቷ ጆሮዋ ነው። ሕፃን ተወልዶ ሲያለቅስ ሰምታ ብቻ ይህ ደህና ነው፣ ይህን ሐኪም ይየው ትል ነበር። ሚጢጢንም ያዋለደቻት እሷ ናት። «መዳፍ የማትሞይ ነበርሽ» ትላታለች በየአጋጣሚው። «ጩኸትሽ ግን ዘበኛውን ከበር አስነሳው። መጀመሪያ የሰማሁሽ እኔ ነኝ፤ እናትሽ እንኳ ከእኔ ቀጥላ ነው።» ሚጢጢ የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣችላትም ያኔ ነው። አሁን ሚጢጢ እቴቴን በቁመት ትበልጣታለች፤ ስሙ ግን እንደ ሙጫ ተጣብቆ ቀረ።

በዚያን ቀን ቆንጂት ተጎትታ ሰፈራቸው ያለ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ጋራዥ ገባች። ቤት ሲደርሱ የሚጢጢ እናት፣ ልብስ ሰፊ ናትና፣ አፏ ላይ የያዘችውን ስፒል ሁሉ አንድ በአንድ አውጥታ መርፌ መሰኪያዋ ትራስ ላይ ሰካች። ነገሩ የምር መሆኑን ሚጢጢ ከዚህ ታውቃለች።

«እውነቱን ንገሪኝ» አለች እናቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ጥፋቱ የመኪናዋ ነው ወይስ የእሷ?»

«የራዲያተሩ ነው» አለች ሚጢጢ።

እናቷ የእቴቴ ጆሮ መድከሙን ካወቀች ቁልፉን ትወስድባታለች፤ እቴቴ ደግሞ ያለ ቆንጂት ማን ልትሆን ነው? ያዋለደቻቸውን ልጆች እየዞረች የምትጠይቀው በቆንጂት ነው። ጠዋት ጠዋት ሚጢጢን ትምህርት ቤት የምታደርሳትም በቆንጂት ነው። ሚጢጢ እቴቴን ትወዳታለች፤ ከመውደዷ የተነሳም ዋሸች።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ጋራዡ ሄደች። ኤሌክትሪሺያኑ የጎረቤታቸው ልጅ ነው፤ ቶሎ ቱግ ስለሚል ሰፈሩ ሁሉ ፊውዝ ይለዋል። ከቆንጂት ሥር ተንሸራትቶ ወጣና እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«ቺንጊያዋን ቀይሬያለሁ። ግን ቺንጊያው የሚዞርበት ፑሊ ተበልቷል፤ ለእሷ ዘመን መኪና መለዋወጫ ቶሎ አይገኝም። እስኪገኝ አንዳንዴ ቺንጊያው ይንሸራተታል፣ ይጮኻል። ያኔ ባትሪው ቻርጅ አያገኝም፣ የሞተሩም ሙቀት ይጨምራል። ሲጮህ ማቆም ብቻ ነው። እቴቴ እንደሆነች ጆሮዋ…»

«ጌጅ ግጠምላት» አለች ሚጢጢ ቶሎ ብላ። «የሙቀትና የቻርጅ መለኪያ።»

ፊውዝ ሳቀ። «አቦ ሙድ አትያዢብኝ! ያንን የእንጨት ዳሽቦርድ ልበሳላት? ልታርደኝ ነው?»

እውነቱን ነው። እቴቴ ዳሽቦርዱን በየሳምንቱ በዘይት ትወለውለዋለች። ላዩ ላይ ያለው የፍጥነትና የነዳጅ ጌጅ፣ ከዚያም ነገሩ ካለፈ በኋላ የምትበራ አንዲት ቀይ መብራት ብቻ ነው። ጌጅ ጨምሪ ላላት ሰው ሁሉ መልሷ አንድ ነው፤ «ጆሮ ለሌለው ግጠሙለት።»

ሚጢጢ የፊት ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ዳሽቦርዱን ስታይ ቆየች። ከዚያ የሲጋራ መተርኮሻውን ክዳን ከፈተች። እቴቴ ሲጋራ አታጨስም፤ ውስጡ ለአራስ ቤት ልጆች የምትይዘው ከረሜላ ነው።

«እዚህ ውስጥስ?»

ፊውዝ አንገቱን አስግጎ አየ። መተርኮሻውን ጎትቶ አወጣና ቀዳዳውን በጣቱ ለካ። «ሁለት ትንንሽ ጌጅ ጎን ለጎን… ክዳኑም ይዘጋል። አንዲት ብሎን እንኳ እንጨቱን አትነካም።» ዓይኑ በራ። «አንቺ ልጅ፣ ይመችሽ!»

አንዱን ሽቦ ከሞተሩ ውሃ፣ ሌላውን ከባትሪው አምጥቶ በዳሽቦርዱ ጀርባ አሳለፈው። ጌጆቹን ከመክተቱ በፊት «ወደ ሾፌሩ ላዙራቸው?» ሲል ጠየቃት።

«አይ፣ ወደ እኔ።»

ፊውዝ አያትና ጌጆቹን ወደ እሷ አዞራቸው።

ከረሜላዎቹን ሚጢጢ ሰብስባ በወረቀት ጠቀለለችና ከፊቷ ባለው ጓንት መያዣ ሳጥን ውስጥ ከተተቻቸው። ለእቴቴ «ጉንዳን ገባበት» አለቻት። እቴቴም «እንዲያ ነው?» አለች።

ከዚያ ወዲህ ሚጢጢ በየመንገዱ ክዳኑን በጣቷ ትንሽ ገለጥ ታደርጋለች። የሙቀቱ መርፌ ወደ ቀዩ መጠጋት ሲጀምር «እቴቴ፣ ሽንቴ መጣ» ትላለች። እቴቴ ታቆማለች፣ ሚጢጢ ትወርዳለች፣ ቆንጂትም ቀዝቀዝ ትላለች። «ፊኛሽን ሐኪም ይየው እንጂ» ትላታለች እቴቴ፤ ሚጢጢ በሃፍረት ትቀላለች። ቢሆንም መኪናዋ ዳግመኛ መንገድ ላይ አልቀረችም፤ ሚጢጢም በብልሃቷ ልቧ እያበጠ ሄደ።

አንድ ጠዋት ዳቦ ቤቱ ጋ ወደ ቀኝ ሊታጠፉ ሲሉ ሚጢጢ እንደ ልማዷ ክዳኑን ገልጣ መርፌዎቹን ታያለች። ሁለቱም መሃል ላይ ናቸው። የብስክሌት ደወል ሰማች። ደወሉ ደጋግሞ ተደወለ፣ ቀረበ። ቀና ስትል እቴቴ መሪውን እያጠፈች ነው፤ በቀኝ በኩል ብስክሌት የሚነዳ ልጅ ከበሩ ጥግ ደርሷል።

«ቁሚ!»

እቴቴ ፍሬኑን ረገጠችው። ልጁ ተንገዳገደ፣ በመዳፉ ኮፈኑን መታ፣ «አትሰሙም እንዴ!» ብሎ ተሳድቦ አለፈ።

እቴቴ ቆንጂትን ወደ ጥግ አውጥታ ሞተሩን አጠፋች። ሚጢጢ ጌጆቹን አየቻቸው። መርፌዎቹ አሁንም መሃል ላይ ናቸው፤ እነሱ ዘንድ ምንም አልተፈጠረም። ልቅሶዋ መጣ።

«ደወሉን አልሰማሽውም?» አለች።

«የምን ደወል?»

ሌላ ጥያቄ አላስፈለገም። እቴቴም ገባት። እጇን ዘርግታ የመተርኮሻውን ክዳን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

«ታውቂ ነበር?» አለች ሚጢጢ።

«ከረሜላ በወረቀት ጠቅልሎ ጓንት መያዣ የሚያስቀምጥ ጉንዳን በዕድሜዬ አላየሁም።» እቴቴ ልትስቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም። «እንዳላፍር ብለሽ ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

«አንቺስ አለመስማትሽን ለምን ደበቅሽኝ?»

«ባለፈው አራስ ልጠይቅ ሄጄ ሕፃኑ አለቀሰ። አፉ ተከፍቶ አየሁት። ድምፁ ግን ከብርድ ልብስ ሥር የሚመጣ መሰለኝ። እናቱ እንዴት ነው ስትለኝ፣ ደህና ነው አልኳት።» እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «ሳልሰማው፣ ሚጢጢዬ።»

ሚጢጢ አቀፈቻት። ማርሹ ጎኗን ወጋት፤ ግን አልተነሳችም።

«ለቆንጂት ጌጅ መደበቂያ አገኘሽላት» አለች እቴቴ ጣቷን ከጆሮዋ ጀርባ አድርጋ። «ለእኔም ይገኛል?»

«አለ። ክፍላችን ውስጥ አንድ ልጅ የመስሚያ መሣሪያ ያደርጋል። ካልነገረሽ አታይውም።»

እቴቴ ቁልፉን ነቀለችና ከሚጢጢ የትምህርት ቤት ቦርሳ ከተተችው። «የጆሮ ሐኪም እስኪያየኝ አንቺ ዘንድ ይሁን።»

ወረዱ። ሚጢጢ ክዳኑን ልትዘጋው እጇን ከዘረጋች በኋላ ክፍቱን ተወችው። ከጓንት መያዣው ሁለት ከረሜላ ወሰደች፣ አንዱን ለእቴቴ ሰጠቻትና ክንዷን ይዛ በእግር መሄድ ጀመሩ።

«እማዬን ዛሬ እነግራታለሁ» አለች።

«እ?»

ሚጢጢ ቆመች። አየር ሳበች። «ዋሽቼሻለሁ ብዬ እማዬን ዛሬ እነግራታለሁ!»

ከዳቦ ቤቱ በር ላይ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። እቴቴ ከረሜላዋን በጉንጯ ይዛ ፈገግ አለች።

«ሰማሁ» አለች። «ስትወለጂም እንዲሁ ነበር የጮኽሽው።»