ባለ ሁለት መርፌው

ስልኩ እሪ እያለ ነው። ሰጂዳ በአንድ እጇ ስልኩን፣ በሌላው ረጅም ሽቦ የተያያዘበት የሥጋ ሙቀት መለኪያ መርፌ ይዛ በሁለት የከሰል ግሪሎች መካከል ቆማለች።

«አጥፊው እንጂ! ጋሼ ጀላልን ልትቀሰቅሻቸው ነው!» አለቻት ጓደኛዋ ሮሆቦት፣ አፏን በመዳፏ አፍና እየሳቀች።

«አይጠፋም! መርፌው ሥጋ ውስጥ ካልገባ ዝም አይልም!»

የሰጂዳ አባት ጀላልዲን ሌሊቱን ከኤርፖርት መንገደኛ ሲያመላልስ አድሮ፣ ጠዋት ሥጋውን ከሰል ላይ ጥዶ ነው የተኛው። ሥጋውን ጠብቂ የተባለችው እሷ ናት። በጥድፊያ የግራውን ግሪል ክዳን ብድግ አድርጋ፣ መርፌውን የበጉ ወርች ላይ ሰካችና ክዳኑን መለሰችው። ጩኸቱ ቆመ። ሁለቱ ልጆች ተያዩና በሳቅ ፈነዱ።

ሳቁን መጀመሪያ ያቆመችው ሰጂዳ ናት። ጣቷ ላይ የቀረውን ስብ ስታይ መርፌው ከየት እንደመጣ ትዝ አላት። ከቀኙ፣ ከእነ ሮሆቦት ግሪል ነው የመጣው። ሮሆቦት «የእኛስ ስንት ደርሷል?» ብላ ስትጠይቃት፣ ስልኳ ላይ ያለውን አፕ ልታሳያት ከግራው ነቅላ ቀኙ ላይ የሰካችው ራሷ ናት። ከዚያ ደግሞ ከቀኙ ነቅላ ወደ ግራው መለሰችው።

«ሮቢ» አለች፤ ድምጿ ቀጠነ። «አላጠብኩትም።»

ሌላ ሰው ቢሰማ «እና ምን ይጠበስ?» ይል ይሆናል። በእነዚህ ሁለት ቤተሰቦች ዘንድ ግን ነገሩ ቀላል አይደለም። ጀላልዲንና የሮሆቦት አባት ፍሰሐ ደሴ ላይ አጥር ተጋርተው ያደጉ ናቸው። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ አንዱ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሌላው አሌክሳንድሪያ ቢኖሩም፣ ከአረፋ በኋላ ባለው ቅዳሜ ጀላልዲን ግቢ ሳይገናኙ ያለፉበት ዓመት የለም። ሁለት በግ ይገዛሉ። አንዱ በቢስሚላህ፣ ሌላው በስመ አብ ተብሎ ይታረዳል። አንዱ የሌላውን ሥጋ አይበላም፤ በዚህም የሚቀየም የለም። ቢላዋው ሁለት፣ መክተፊያው ሁለት፣ ትሪው ሁለት፣ ግሪሉም ሁለት ነው። የፍሰሐ ቤት ዕቃ እጀታው ላይ ቀይ ክር አለው። ሰጂዳ ቀይ ክር ያለበትን ለይታ ማወቅ የተማረችው የትራፊክ መብራት ሳታውቅ በፊት ነው።

ሁሉም ነገር ሁለት ሁለት ሆኖ፣ መርፌው ብቻ አንድ ነበር።

«ስሚ» አለች ሮሆቦት፣ ወደ ቤቱ መስኮት ሰረቅ አድርጋ አይታ። «ማንም አላየም። ሲሪየስሊ፣ መርፌ እኮ ናት። ምን ታመጣለች? ቺል በይ።»

«እማማ ዓባይነሽስ?»

የሮሆቦት አያት ወይዘሮ ዓባይነሽ አሜሪካ ከገቡ ጀምሮ የማንንም ቤት ሥጋ ቀምሰው አያውቁም፤ ከዚህ ግቢ በስተቀር። «ጀላል ለይቻለሁ ካለ፣ ለይቷል» ነው የሚሉት።

ሰጂዳን ያሳፈራት ግን መርፌው ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ትችለው ነበር። ከመርፌው ጀርባ ሌላ ነገር አለ። ያን ደግሞ ሮሆቦትም አታውቀውም።

አምና ጀላልዲን እሳት ዳር ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ እንቅልፍ ጥሎት፣ ወርቹ ሁሉ አሮ ነበር። ፍሰሐም ዓመቱን ሙሉ «ጀላል ከሰል በከሰል ጠብሶ አበላን» እያለ አላገጠበት። ዘንድሮ አንድ የሥራ ባልደረባው ስለ አንዲት ትንሽ ሳጥን ነገረው። ከግሪሉ ሥር ባለው የአየር ቀዳዳ ላይ ትገጠማለች፤ ሙቀቱ ሲወርድ በፋኗ አየር እየነፋች ከሰሉን ታነቃለች፤ ሲበዛ ትተዋለች። የሥጋውን ውስጥ ደግሞ በመርፌ ትለካለች። ጀላልዲን ይህን ሰምቶ «እኔ ተኝቼ እሳት የሚጠብቅልኝ ከተገኘማ ሌላ ምን እፈልጋለሁ!» ብሎ ሰጂዳን ላፕቶፕ አስከፈታት።

በዚያ ቤት እንግሊዝኛ ያለበት ነገር ሁሉ የሰጂዳ ሥራ ነው። የኢንሹራንስ ደብዳቤ ሲመጣ፣ ሐኪም ሲናገር፣ የመኪና ወረቀት ሲሞላ አባቷ «ምን ይላል?» ይላታል። እሷ ትነግረዋለች፤ እሱ ያምናታል። «እርግጠኛ ነሽ?» ብሏት አያውቅም።

ያን ዕለትም አጠገቧ ተቀምጦ ዓይኖቹን እያሻሸ ይጠይቃት ነበር። «የፋኑ ጉልበት ለእኛ ግሪል ይበቃል? በባትሪ ነው በሶኬት? ቀዳዳችን ላይ ይገጥማል? ሽቦው ሙቀት ይችላል?» እሷም የገዙትን ሰዎች አስተያየት እያነበበች አንድ በአንድ መለሰችለት። በመጨረሻ «የሥጋው መርፌ ግን ሁለት ይሁን። ሽቦውም እስከ ፍሰሐ ግሪል ይድረስ» አላት።

ባለ ሁለት መርፌው ነበር። እዚያው ስክሪኑ ላይ ነበር። ግራጫ፣ ድፍን ያለ፣ የድሮ ሬዲዮ የሚመስል ነገር ነው። ከስልክ ጋር አይገናኝም። ከጎኑ ያለው ደግሞ ጥቁር፣ ቀጭን፣ ሰማያዊ መብራት ያለው፣ የሙቀቱን ውጣ ውረድ ስልክ ላይ እየሣለ የሚያሳይ ነው፤ መርፌው ግን አንድ ብቻ። ሰጂዳ ያንን ሥዕል ለክፍል ጓደኞቿ ስታሳይ ገና ከአሁኑ ታይቷት ነበር። አባቷ ሁለት መርፌ የፈለገው ለምን እንደሆነ አልጠየቀችውም።

«ሁለት ያለው አልቋል፣ አባ። ሶልድ አውት» አለችው፣ ዓይኗን በጨው አጥባ።

አባቷ ወደ ስክሪኑ እንኳ አልተመለከተም፤ የሚያየው እሷን ነበር። «አንቺ ካልሽ እሺ። የተገኘውን እዘዢ» ብሎ ትከሻዋን መታ መታ አድርጓት ወደ ሥራው ሄደ።

«ማሽአላህ! ሽታው ራሱ ያጠግባል!»

ሰጂዳ ከሐሳቧ ባነነች። አባቷ ተነስቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ በሩ ላይ ቆሟል። ወደ ግሪሉ መጥቶ ክዳኑን ከፈተና በደስታ ራሱን ነቀነቀ። ወርቹ ቡናማ ሆኖ፣ ስቡ እያብረቀረቀ፣ ከአጥንቱ ሊላቀቅ ደርሷል።

«አየሽ ሮሆቦት? ይቺ ልጅ ናት የመረጠችው። እኔማ ተኝቼ ዋልኩ!»

ሮሆቦት መሬት መሬት አየች። ሰጂዳ ፈገግ ለማለት ሞክራ ከንፈሯ እምቢ አላት።

እንግዶቹ መግባት ጀመሩ። ፍሰሐ እናቱን ወይዘሮ ዓባይነሽን ደግፎ መጣ። ከላንግሊ ፓርክ የጀላልዲን አጎት ሐጂ ኢስሐቅ ደረሱ። ጀላልዲን ለያንዳንዱ እንግዳ ሳጥኗን እያሳየ «ሰጂዳ ናት የመረጠችው» ይላል። እንግዳው ሁሉ ይመርቃታል፤ ምርቃቱ በመጣ ቁጥር መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ትመርጥ ነበር። በመጨረሻ አባቷ ቀይ ክር የሌለበትን ቢላዋ ሲያነሳ ልቧ ከዚህ በላይ አልቻለም።

«አባ፣ አንዴ ወደ ኪችን ና። ፕሊስ።»

እናቷ ሙፈሪሓት ሰላጣ እየከተፈች ነበር። ሰጂዳ በሁለቱ ፊት፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ ግማሹን በአማርኛ፣ መርፌውን ከዚያ ወደዚህ እንዴት እንዳደረገችው ተናገረች። ሙፈሪሓት «ያ ረቢ!» ብላ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ጀላልዲን ግን በእጁ የያዘውን ቢላዋ አየት አደረገ። ሰጂዳ ቁጣ ጠብቃ ነበር። ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

«ሆን ብለሽ አይደለም» አላት ቀስ ብሎ። «ባለ ሁለት መርፌው ቢገኝ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። እንደሌለ ነገርሽኝ እኮ። በአንድ መርፌ ሁለት ቤት ላስተናግድ የተነሳሁት እኔ ነኝ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኼው ነው።»

«አባ…»

«በቃ፣ አንቺ ተይው። ለእንግዶቹ እኔ እነግራለሁ።»

ሰጂዳ አልተከተለችውም። በመስኮቱ አሻግራ አየችው። አባቷ በእንግዶቹ መካከል ቆሞ፣ ቢላዋውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ ሁለት እጆቹን አጣምሮ ይናገራል። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አውፍ በሉኝ» ሲል ሰማችው። ሐጂ ኢስሐቅ ጢማቸውን ዳበሱ። ወይዘሮ ዓባይነሽ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። ጀላልዲን በሰው ፊት እንዲህ አቀርቅሮ አይታው አታውቅም።

መጀመሪያ የተናገሩት ወይዘሮ ዓባይነሽ ናቸው። «ልጄ፣ ነገርከን። ሸሽገህ ብታበላን ኖሮ ነበር የማዝንብህ። እኔ አንተን የማምነው ለዚህ አይደል?»

«አብሽር ጀላል!» አሉ ሐጂ ኢስሐቅ። «አላህ የጻፈልን ሪዝቅ ካልሆነ አልሆነም። ሽሮ የለም እንዴ ቤታችሁ?»

ሥጋው ተጠቅልሎ ለአሜሪካዊው ጎረቤት ተሰጠ፤ ሰውዬው ሁለት ወርች በአንድ ቀን ሲወርድለት ምን ተገኝቶ ነው ብሎ ግራ ተጋባ። ሙፈሪሓት ሽሮ ጣደች። ሽሮ ደግሞ ቢስሚላህም በስመ አብም አይለየውምና፣ ቀይ ክር ያለውም የሌለውም ትሪ ቀርቶ ሁሉም በአንድ ትልቅ ትሪ ዙሪያ ተቀመጠ። እስከዛሬ እንዲህ ተቀምጠው አያውቁም ነበር። ጨዋታው ደራ።

«አምና ከሰል፣ ዘንድሮ ሽሮ!» አለ ፍሰሐ እንጀራውን እየቆረሰ። «ለከርሞ ባዶ ትሪ ነው የምታቀርብልን፣ ጀላል! ማሽን ገዝቶ ሽሮ ያበላ ካንተ በቀር ማን አለ?»

ግቢው በሳቅ ተሞላ። ጀላልዲንም ማጅራቱን እያከከ አብሮ ሳቀ። ሮሆቦት በክርኗ ሰጂዳን ነካ አድርጋ «አየሽ? ኢትስ ኦቨር» አለቻት በሹክሹክታ።

እውነቷን ነው፤ ነገሩ አልቋል። የሚጠይቃት የለም። ነገ ደብዳቤ ሲመጣ አባቷ «ምን ይላል?» ይላታል፤ እሷ ትነግረዋለች፤ እሱም ያምናታል። ሰጂዳ ይህን ስታስብ የቆረሰችውን እንጀራ መልሳ አስቀመጠች። ፍሰሐ በቀለደ ቁጥር፣ አባቷ በሳቀ ቁጥር፣ ፊቷ በእፍረት ይግላል።

ወይዘሮ ዓባይነሽ አዩዋት። «ይቺ ልጅ ምን ሆነች? ስትጠብቅ ውላ አንጀቷ ታጥፎ ይሆናል» ብለው ሽሮውን በእንጀራ ጠቅለል አደረጉና እጃቸውን ዘረጉላት። «እንቺ የኔ ልጅ፣ ጉረሺ።»

ሰጂዳ አፏን አልከፈተችም። እጇን በእርጋታ ትሪው ዳር አስቀመጠች።

«ይቆዩኝ፣ እማማ» አለች። ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች። ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ሲጨንቃት ወደ እንግሊዝኛ ትሸሽ ነበር፤ አሁን ግን ሁሉም እንዲሰማት በአማርኛ ተናገረች። «አባ፣ ባለ ሁለት መርፌው አላለቀም ነበር።»

የፍሰሐ ሳቅ ተቋረጠ። የአሮጊቷ ጉርሻ አየር ላይ ቆመ። ጀላልዲን ነገሩ እንዳልገባው ሰው ትኩር ብሎ አያት፤ እሷም ዓይኗን ልትሰብር ፈልጋ እንደምንም አልሰበረችም።

«ስክሪኑ ላይ ነበር» አለች። «እያየሁት ነው አልቋል ያልኩህ።»