የሃያ አምስት ደቂቃ ጥበቃ

ኔቪል የተገኘው በፖም ማሸጊያው የማቀዝቀዣ ሞተር ክፍል ውስጥ፣ ከጋዝ መጭመቂያው ከኮምፕሬሰሩ ሥር በጎኑ ወድቆ፣ ሞቶ ነው። ጋዝ የማያስገባ ሙሉ ልብስ ለብሰው ከዋናው ከተማ ከሆባርት የመጡት ሰዎች በቃሬዛ ሲያወጡት እኅቱ ግሌኒስ ሰዓቷን አየች። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከአምስት ይላል። በመዝገቧ ላይ ጻፈችው። ከዚያ ወዲያ ምንም አልተሰማትም፤ እንባ እንኳ እምቢ አላት።

ግሌኒስ የከተማይቱ የበጎ ፈቃድ እሳት አደጋ ቡድን አለቃ ከሆነች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በዚያ ጠዋት የማቀዝቀዣው ጋዝ አሞኒያ አፈተለከ ተብላ ስትጠራ አንድ ሰዓት ተኩል ነበር፤ ለሁለት ሰዓት ሃያ ጉዳይ ላይ ደረሰች። ቡድኑ የአየር ሲሊንደርና ጭምብል አለው፤ ሙሉው ልብስ ግን ያለው ሆባርት ነው። አሞኒያ ደግሞ እርጥብ ገላ ፈልጎ ዓይንን፣ ብብትን፣ ጉሮሮን የሚያቃጥል ጉድ ነው። ያለ ልብስ አይገባም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የምትጥል አለቃ አለቃ አይደለችም፤ ይህንን ስታስተምር የኖረችው ራሷ ናት። ሠራተኛውን አስወጣች፣ ቀዩን ገመድ ዘረጋች፣ ጠበቀች።

ኔቪል ውስጥ መቅረቱን ስትሰማ ሁለት ጊዜ «ልግባ» ብላ ነበር። ሁለቴም የከለከላት ምክትሏ ክላይቭ ነው። ክላይቭ የማሸጊያው ጥገና ሠራተኛ ስለሆነ ቀድሞ እዚያው ደርሶ፣ የገቢና የወጪ ሰው ስም የሚጻፍበትን ሰሌዳ ይዞ ነበር። «ሕጉን ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ» አላት። እውነቱን ነው። ሃያ አምስት ደቂቃ ቆሙ።

በቀብሩ ቀን የኔቪል ሚስት ዊልማ እጇን ልትጨብጣት አልፈለገችም። «በሩ ላይ ቆመሽ ሰዓት ስትቆጥሪ፣ እሱ ውስጥ ሆኖ እየጠበቀሽ ነበር» አለቻት፤ ሰው ሁሉ እየሰማ። ከዚያ ወዲህ በየሌሊቱ በግሌኒስ ሕልም ኔቪል በሩን ከውስጥ ያንኳኳል፤ እሷ ትቆጥራለች።

መርማሪው ታውፋ የደረሰው አደጋው በደረሰበት ዕለት ከሰዓት በኋላ ነበር። ቶንጋ ተወልዶ እዚሁ ያረጀ ግዙፍ ሰው ነው፤ ንግግሩ ዝግ ያለ፣ እጁ ከትኩስ የሥጋ ፓይ የማይለይ። ሬሳው የነበረበትን ክፍል ካየ በኋላ በቀጥታ ወደ መኪኖቹ ሄደ። ከጥዶቹ ሥር የቆሙትን የሥራ አስኪያጇን የሮስሊንን መኪናና የፎርክሊፍት ነጂውን የዳሪልን አሮጌ መኪና ከፍቶ መቀመጫቸውን አሸተተ። ከዚያ ከማሸጊያው በስተ ምዕራብ ሽቅብ ወጥቶ እዚያ ባለው ኩሬ አጠገብ የቆመውን የክላይቭን ፒካፕም አሸተተ።

ዳሪል ጋዙ ባመጣበት ሳል መሃል «መርማሪ ነህ ወይስ ውሻ?» አለው።

«ውሻ ብሆን እስካሁን ነክሼህ ነበር» አለ ታውፋ። «ስንት ሰዓት ገባህ?»

ዳሪል አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ መግባቱን፣ ያኔ ምንም ሽታ እንዳልነበረ፣ አሥር ደቂቃ ቆይቶ ሳል ሲያጣድፈው ጮኾ ለእሳት አደጋ እንደደወለ ነገረው። ሲገባ የክላይቭን ፒካፕ ኩሬው አጠገብ አይቷል። ገርሞት ነበር፤ ክላይቭ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ መኪናውን ከጥዶቹ ሥር ነው የሚያቆመው፣ ጥላውን ሌላ ሰው ከያዘበት ቀኑን ሙሉ ያኮርፋል።

ሮስሊን በበኩሏ ኔቪል በዋዜማው ደውሎላት እንደነበር ተናገረች። ማቀዝቀዣውን የሚቆጣጠረው እሱ ነው፤ ስለ ጋዝ ማስጠንቀቂያው ደወል ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ላናግርሽ ብሏት ነበር። ምን እንደሆነ በስልክ አልነገራትም።

ክላይቭን ታውፋ ብዙ አላስቸገረውም። ስንት ሰዓት እንደገባ ብቻ ጠየቀው።

«አንድ ሰዓት ከሩብ። እንደ ወትሮው።»

«ሁሉም ነገር እንደ ወትሮው?»

«እንደ ወትሮው።»

በመጨረሻ የግሌኒስን መዝገብ አገላበጠ። የመጀመሪያው መስመር «ነፋስ፦ ከምዕራብ» ይላል። ለምን ከሰው በፊት ነፋስ እንደሚጻፍ ጠየቃት።

«ነፋሱን ሳናይ መኪና አናቆምም» አለች፤ ድምፅዋ ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ነበር። «ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ፣ የመኪናዋን አፍንጫ ወደ መውጫው አዙረን። አስተምረን አስተምረን እጃችን ራሱ ያውቀዋል። እዚያ ስደርስ ቦታውን የክላይቭ ፒካፕ ይዞት ስለነበር የእኛን መኪና በግድ ነው ከጎኑ ያስገባናት።»

ይህንን ስትናገር ምንም አልታሰባትም። የደነዘዘ ሰው የሚናገረውን አይሰማም።

በዘጠነኛው ቀን ታውፋ አራቱንም በእሳት አደጋ ጣቢያው ሰበሰባቸው። ዳሪል ሻይ አፈላ። ግሌኒስ ትኩስ ሻይ የሞላውን ብርጭቆ በመዳፏ ይዛ ተቀመጠች፤ ሙቀቱ አልተሰማትም። ክላይቭ የራስ ቁሮቹ ከተሰቀሉበት ግድግዳ ሥር ነበር።

«የሐኪሙ ወረቀት ዛሬ ደረሰኝ» አለ ታውፋ። «ሁላችንም ኔቪል በጋዙ ታፍኖ ሲወድቅ ራሱን ብረት መታው ብለን ነበር። ጉሮሮውና ሳንባው ግን ንጹሕ ነው፤ አንዲት ቃጠሎ የለበትም። ጋዙን አልተነፈሰውም። በሩ ላይ የተሰቀለውን ጭምብልም አልነካውም። ጋዙ ሲለቀቅ ሞቶ ነበር ማለት ነው። እንግዲህ የገደለው ሰው ቫልቩን ከፍቶ አደጋ አስመሰለው።»

ሮስሊን ብርጭቆዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ጋዝ መለቀቁን ማን ቀድሞ አወቀ? ይህንን መኪኖቹ ነገሩኝ። የወይዘሮ ሮስሊንና የዳሪል መቀመጫ በአሞኒያ ገምቷል፤ ነፋሱ ከምዕራብ ሲነፍስ ጋዙ በቀጥታ ወደ ጥዶቹ ነው የሄደው። የማያውቅ ሰው ከለመደው ቦታ ያቆማል። የአንተ ፒካፕ ግን፣ ክላይቭ፣ ምንም አይሸትም። ማንም ሳያሸት፣ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ከነፋሱ በላይ፣ ከፍ ካለው ቦታ፣ አፍንጫውን ወደ መውጫው አዙሮ ቆሟል። ክፉ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይላሉ፤ ደግ ልማድም ያጋልጣል ለካ።»

ክላይቭ እጁን አየ።

«አላሰብኩበትም» አለ። «እጄ ነው ያዞረው።»

ቀሪውን ራሱ ተናገረ። የጋዙ ደወል ያለምክንያት እየጮኸ ስላስቸገረው ካቻምና ሽቦውን በጥሶት ነበር። ባለፈው መከር ጋዝ ሲያፈተልክ ደወሉ ዝም አለ፤ ከማሸጊያው ሴቶች አንዷ ዛሬም ያለ ኦክስጅን አትተኛም። ኔቪል የተበጠሰውን ሽቦ አገኘው፤ ለሮስሊን ሊነግራት ነበር። በዚያ ጠዋት በጊዜ ገብተው ተጨቃጨቁ፣ ክላይቭ ገፈተረው፣ የኔቪል ራስ ከኮምፕሬሰሩ ጠርዝ ጋር ተጋጨ። ክላይቭ መሞቱን ካረጋገጠ በኋላ መኪናውን ከጥዶቹ ሥር አንስቶ ኩሬው አጠገብ አቆመ፤ የራሱን ጭምብል አጥልቆ ተመለሰና ቫልቩን ከፈተ።

ወደ ግሌኒስ ዞረ። «ስከለክልሽ ግን የምሬን ነበር። ብትገቢ ትሞቺ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች። ልትጠላው ሞከረች፤ ጥላቻውም አልመጣላትም።

ፖሊሶቹ ክላይቭን ይዘውት ወጡ። ሮስሊንና ዳሪል ተከተሉ። ግሌኒስ ከወንበሯ አልተነሳችም።

«ሃያ አምስቱ ደቂቃስ?» አለች።

ታውፋ ዝቅ ብሎ ተቀመጠ። «ነገሩ እርስዎ ከመድረስዎ በፊት አልቆ ነበር። ኔቪል እርስዎን አልጠበቀም።»

«በሩን አላንኳኳም?»

«አላንኳኳም።»

ያኔ ብርጭቆው ከእጇ ወደቀ። መዳፏን ገልብጣ አየችው፤ ቀልቶ ያበጠው ቆዳ አሁን ነው የለበለባት። ከዚያ ለቅሶው መጣ፤ ዘጠኝ ቀን የተጠራቀመው ሁሉ። ታውፋ ፓዩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ መሐረቡን በቀዝቃዛ ውሃ ነክሮ እጇ ላይ አደረገላት።

ሲመሽ በተጠቀለለ እጇ የዊልማን በር አንኳኳች። ዊልማ ከፍታ በሩ ላይ ቆመች፤ ግቢም አላለቻትም።

«ዊልማ» አለች ግሌኒስ፣ «እየጠበቀኝ አልነበረም።»

ዊልማ መዳፏን አየች፣ ፊቷን አየች፣ ከበሩ ገለል አለችላት።