መልስ ያልሰጠው ቁጥር

የስኳር ፋብሪካ በሐምሌ ጸጥ ይላል። ስኳር የሚወጣበት፣ ሹገር ቢት የሚባለው ሥር ገና ከእርሻ አልተነቀለም፤ ማሽኑ ሁሉ ጠፍቶ፣ ተፈታትቶ ይጠገናል። በአሜሪካ፣ በሚኔሶታ ግዛት ባለው የሬድ ሪቨር ሸለቆ ፋብሪካ ሠላሳ አንድ ዓመት በኤሌክትሪክ ሠራተኛነት የቆየው ሎወል ሃውገን ይህን ወቅት ይወደዋል። ቡናውን በቴርሞስ ይዞ፣ እያፏጨ፣ ማንም ሳያጣድፈው ይሠራል።

አንድ ቀን የተቃጠለ የፓምፕ መቆጣጠሪያ በአዲስ ተካ። የፋብሪካው መሣሪያዎች በአንድ ኔትወርክ የተያያዙ ናቸው፤ እያንዳንዱም እንደ ቤት ቁጥር የራሱ አድራሻ አለው፤ ትእዛዝ የሚደርሰው በዚያ ነው። ለአዲስ መሣሪያ ቁጥር የሚሰጥ ሰው የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ኃላፊ አርደን ዘንድ ያለውን መዝገብ አይቶ፣ ነጻውን መርጦ መጻፍ አለበት። ሎወል ግን ላፕቶፑን ከፍቶ ወደ ሃምሳ ሰባት ቁጥር ጥሪ ላከ። መልስ አልመጣም።

“ባዶ ነው” አለና ለፓምፑ ሰጠው።

አርደን በአጠገቡ ሲያልፍ “መዝገቡን አየኸው?” አለው።

“አንተ የወተት ጥርስህን ሳትነቅል እኔ እዚህ ገመድ እዘረጋ ነበር። መዝገቤ ይኸውልህ!” ግንባሩን በጣቱ መታ መታ አደረገ።

“ግንባርህን እኛ ማንበብ አንችልማ፣ አንተ ሽማግሌ!” አርደን ሳቀና አለፈ። ሊያጣራ ይገባው ነበር፤ አላጣራም።

መስከረም ላይ ሥሩ በጭነት መኪና መግባት ጀመረ። ሥሩን እያጠበ የሚወስደው ቦይ የውሃ መዝጊያም የጥገናውን ወቅት ሙሉ ጠፍቶ ከርሞ ኤሌክትሪክ ተለቀቀለት። የእሱ ቁጥር ከድሮም ሃምሳ ሰባት ነበር። በሐምሌ መልስ ያልሰጠው ስለሌለ ሳይሆን ስለጠፋ ነው። አሁን ሁለት መሣሪያዎች በአንድ አድራሻ ይሻሙ ጀመር፤ ትእዛዝ አንዳንዴ ይደርሳል፣ አንዳንዴ መንገድ ላይ ይቀራል።

ቦዩን የምትቆጣጠረው ማርሊስ በየዓመቱ ለሥራው ወቅት ብቻ የምትቀጠር ሴት ናት። በሦስተኛው ቀን ውሃው ሲሞላ አይታ መዝጊያውን ከስክሪኗ አዘዘችው። አልተንቀሳቀሰም። ውሃው ገንፍሎ ሥሩ ወለሉ ላይ ተበተነ፤ ሥራው ስድስት ሰዓት ቆመ፤ የመኪናው ሰልፍ አውራ ጎዳናው ድረስ ደረሰ።

“ማዘዣውን ተጭኜዋለሁ አርደን! ያውም ሁለት ጊዜ!”

“መዝጊያውን ፈትሸነዋል፣ ደህና ነው። ዐይንሽን ከስክሪኑ ላይ አንስተሽ ይሆናል።”

“ምሳዬን እንኳ ሳልበላ የዋልኩት ለምን ሆነና?”

አርደን ጉዳዩ እስኪታይ ቤቷ እንድትቆይ ነገራት። እንዲህ የተሰናበተ ጊዜያዊ ሠራተኛ በሚቀጥለው ዓመት አይጠራም። ማርሊስም ይህን ስለምታውቅ ጃኬቷንና ያልተነካ ምሳዋን ይዛ ወጣች።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሎወል የመዝጊያውን ሣጥን ከፈተ። የኔትወርኩ መብራት ብልጭ ድርግም ሳይል ቀጥ ብሎ ቀልቷል። ይህን ምልክት ያውቀዋል፤ ሁለት መሣሪያ አንድ ቁጥር ይዘዋል ማለት ነው። ሐምሌ ላይ ለፓምፑ የሰጠው ሃምሳ ሰባት ትዝ አለው። አርደን ከክፍሉ ወጥቶ ስለነበር መዝገቡን ራሱ አገላብጦ ለፓምፑ ነጻ ቁጥር ሰጠው፤ ለዋናው መቆጣጠሪያም ለውጡን አስገባ። ቀዩ መብራት አረንጓዴ ሆነ። ሁሉም ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ያየው ሰው አልነበረም። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ሎወልም ዝም ብሎ ቤቱ ገባ።

በማግስቱ ጠዋት ሠራተኛው ተሰብስቦ ሳለ አርደን “አያችሁ?” አለ። “ማርሊስ ከሄደች ወዲህ መዝጊያው አንዴም አልተሳሳተም። ነገሩ ከእሷ ነበር።”

ሎወል ቡናውን አስቀመጠ። በድብቅ የጠገነው ነገር በሴትየዋ ላይ ምስክር ሆኖ ቀረበ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሲኮራበት የኖረው ስም ያን ጊዜ አስጠላው።

“ቆይ አርደን። ነገሩ ከእኔ ነበር” አለና የሆነውን ሁሉ በሰው ፊት ተናገረ።

አርደን “ሐምሌ ላይ ጠይቄህ ነበር” አለ።

“ጠይቀኸኛል። እኔ ቀለድኩብህ።”

“እኔም ስቄ አለፍኩ። መዝገቡ የእኔ ኃላፊነት ነበር።”

ሎወል እዚያው ቆሞ ለማርሊስ ደወለ። “በትክክል ተጭነሻል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ለሁሉም ተናግሬያለሁ።”

“መቼ ነው ያወቅከው?” አለችው።

“ትናንት ከሰዓት።”

“ታዲያ ሌሊቱን እንቅልፍ ወሰደህ?”

ሎወል መዋሸት አልቻለም። “ወሰደኝ።”

“እኔን አልወሰደኝም” አለች። “ነገ በሰዓቴ እገባለሁ።” ስልኩን ዘጋችው።

ወገኖቼ፣ በየሥራ ቦታችን “እኔ አውቀዋለሁ” እያልን መዝገብ የምንዘል ስንት ነን? መልስ ያልሰጠ ሁሉ የለም ማለት አይደለም። ሰው እንጠይቅ፣ የያዝነውንም እንጻፍ። ተሳስተን ከተገኘን ደግሞ ጥፋታችን በሌላ ሰው ስም ሳያድር እንናገር። ሎወል ዛሬ አንዲት ቁጥር ሲይዝ መዝገቡን ያያል፤ ማርሊስ ግን ሰላምታውን ከተቀበለች በኋላ እስከ ዛሬ ከጎኑ ተቀምጣ ምሳ አትበላም።