ማክሰኞ የተነሣው ሞተር

ይህ ታሪክ ከራሱ እስከ ጅራቱ እውነት ነው፤ አንዲት ቃል ብጨምርበት መረቤ ዕድሜ ልኩን ባዶውን ይውጣ።

የሞተር ጠባቂው ክዋሜና ቤንትሲል ሞቶ የተገኘው ማክሰኞ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ ነው። ከሞተር ቤቱ በር ሥር ጭስ ሲወጣ ያዩ ሰዎች በሩን ገንጥለው ገቡ። ክዋሜና ምንጣፉ ላይ በጀርባው ተንጋሏል። ፊቱ ጥላሸት ለብሷል። አጠገቡ የናፍጣው ሞተር ጎረቤት አገር ድረስ በሚሰማ ድምፅ ያገሳል።

በማግስቱ ኢንስፔክተር አራባ ኤሶን ከወረዳው መጣች። እሷ ማለት ባሕር ውስጥ ያለ ዓሣ ምን እንዳሰበ የምታውቅ ሴት ናት። ሰማዩ ለሦስተኛ ቀን አቧራ እንደለበሰ ነበር፤ ፀሐይዋ የሞተ ዓሣ ዓይን መስላለች፤ የነፋሱ መዘውርም ቀጥ ብሏል።

ሰዉን አንድ በአንድ ጠየቀች። የመንደሩ መብራትና በረዶ ቤቱ የሚሠሩት በፀሐይና በነፋስ ነው፤ ባትሪው ከግማሽ በታች ሲወርድ ሞተሩ በራሱ ይነሣል። የጭስ ቧንቧው ከተሰነጠቀ ወር ሆኖታል። ማክሰኞ ግን ባሕሩ የሚያርፍበት ቀን ነውና ጀልባ አይወጣም፤ በረዶ ቤቱም ሥራ የለውም። ክዋሜና ይህን ተማምኖ በየማክሰኞው በሩን ከውስጥ ቆልፎ ሞተሩ አጠገብ ይተኛ ነበር። በረዶ ሻጯን ኤሲን በገበያ መሐል ሰድቧት ነበር፤ ሞተር ማስነሣት ግን አታውቅም። የሚያውቀው ረዳቱ ኤኮው ብቻ ነው።

«ማክሰኞ የት ነበርክ?» አለችው ኤኮውን።

«መረብ እየጠገንኩ።»

«ከማን ጋር?»

«ከመረቡ ጋር።»

«ከክዋሜና ጋር ተጣልተህ ነበር አሉ።»

«ከሱ ጋር ያልተጣላ ካለ ገና ያልተወለደ ነው፣ እትዬ።»

ከቀትር በኋላ ሁሉንም የዓሣ አጥማጆቹ አለቃ ናና ኤጂር ግቢ ሰበሰበቻቸው። ማክሰኞ ባሕር የሚወጣን ሰው በግ የሚያስቀጡት እኚሁ ሽማግሌ ናቸው።

«ፀሐይዋ ደካማ ነበረች» አለች አራባ። «ይሁን። ማክሰኞ ግን የሚቀዘቅዝ ዓሣ የለም። ዓሣ ከሌለ ባትሪው እስከ ማታ ይቆያል። ባትሪው ካልወረደ ሞተሩ በራሱ አይነሣም። ስለዚህ ያስነሣው የሰው እጅ ነው። የእጅ ማስነሻው ከበሩ ውጪ፣ ግድግዳው ላይ ነው፤ ቁልፉም ሁለት ነው። አንዱን ሟቹ ኪስ ውስጥ አገኘሁት። ሁለተኛው አንተ አንገት ላይ ተንጠልጥሏል፣ ኤኮው።»

የነፍስ ግድያ ፍርዱ ዕድሜ ልክ ነው። የኤኮው ሚስት ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች። ፖሊሱ ካቴናውን አወጣ።

ያን ጊዜ ናና ኤጂር ጫማቸውን አወለቁ። አለቃ በሕዝብ ፊት በባዶ እግሩ አሸዋ የሚረግጠው ከአለቅነት ወንበሩ ሲወርድ ብቻ ነው። ድምፃቸው ለቅርብ ሰው እንኳ በጭንቅ ይሰማ ነበር።

«ልቀቂው፣ ልጄ። ማክሰኞ ጠዋት በወንዙ አፍ በኩል ባሕር ወጥቼ ነበር። እኩለ ቀን ላይ ሠላሳ ቅርጫት ዓሣ በረዶ ቤት አስገባሁ፤ ዛሬ ሳይነጋ አወጣሁት። ሞተሩን ማንም አላስነሣውም።»