በባቡር ላይ ያሰርሁት ማተብ

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ በጥላ፣ በዛር፣ በሌሊት ኮሽታ የምደነግጥ ሰው አይደለሁም፤ ባሕር ዳር አጠገብ ዘንዘልማ አዲሱ ቤታችን ስንገባ ጎረቤቶቼ «ይሄ ቦታ እኮ ድሮ መቃብር ነበር» ሲሉኝ «እሰየው፣ ሙታን ሙዚቃ አይከፍቱም» ብዬ የሳቅሁ ነኝ። አባቴ መሪጌታ ናቸው፣ ጣና ዳር ባለ ደብር ዕድሜያቸውን ሙሉ ያገለገሉ፣ እሳቸው እንኳ እንዲህ ያለ ወሬ ሲሰሙ «የቦዘነ ሰው ቅዠት ነው» ይላሉ። እኔ ደግሞ ኮሌጅ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ካልታዘልሁ አላምንም እንዳለችው ሙሽራ ነበርሁ በሉኝ።

ባሌ ታደለ የተሳቢ መኪና ሹፌር ነው፣ ከጅቡቲ ወደብ ጭነት ያመላልሳል። የተጋባነው በቁርባን ነው፣ እንደምታውቁት በቁርባን የተጋባ አይፋታም። መንገደኛ ስለሆነ በሠርጋችን ሰሞን ጥቁር ክር ገምጄ፣ መሐሉ ላይ አንዲት ቀይ ክር ጣል አድርጌ ማተብ ሠራሁለት፣ አባቴ ጸለዩበት፣ እኔም በገዛ እጄ አንገቱ ላይ አሰርሁት። ቋጠሮውን ያስተማሩኝ አባቴ ናቸው፣ ሦስት ጊዜ ዞሮ በራሱ ውስጥ የሚገባ ነው፤ «አጥብቀው ያሰሩለት ሰው ካሰረው አይለይም» ይሉ ነበር። ታደለ እጄን ስሞ «ይሄስ አብሮኝ ነው የሚቀበር» አለኝ። አመንሁት።

ከዚያ ሁለት ፋሲካ ሳይመጣ ቀረ። አንዴ ወደቡ ተጨናንቋል፣ አንዴ መኪናው ቆሟል፣ ምክንያት አጥቶ አያውቅም። በመጨረሻ ደውሎ «አንቺ ነዪ፣ ጅቡቲ ቤት ተከራይቻለሁ፣ ናጋድ ባቡር ጣቢያ ቆሜ እጠብቅሻለሁ» ሲለኝ ፓስፖርቴን ይዤ ተነሣሁ። ባል አለኝ ወይስ የለኝም፣ ይህንን በዓይኔ ማየት ፈለግሁ።

የተሳፈርሁበት ባቡር ሌሊቱን የሚጓዝ ነበር። ድሬዳዋ ላይ አብዛኛው ሰው ወረደና ፉርጎው ጭር አለ፤ ትንሽ እንደሄድን ደግሞ ግመል ሐዲዱ ላይ ገብቶ ነው ተባለና ቆምን። በዚያ ጸጥታ ውስጥ የሕፃን ሳቅ ሰማሁ። ቀና ብል ፊት ለፊቴ አንዲት ወጣት እናት ሕፃን ታቅፋ ተቀምጣለች። ስትገባ አላየኋትም፣ እንቅልፍ ሸለብ አድርጎኝ ይሆናል ብዬ አለፍሁት። እኔ በወበቁ ልሞት ደርሼ በነጠላዬ ጫፍ ፊቴን አራግባለሁ፣ እሷ ግንባር ላይ ግን አንዲት ጠብታ ላብ የለም፤ እመኑኝ፣ ያኔ ይህም ምንም አልመሰለኝም።

«እህቴ» አለችኝ፣ «የልጄ ማተብ ተፈታብኝ፣ እጄ አልታዘዝ አለኝ፣ እባክሽ እሰሪልኝ።»

የኛ አገር ሰው ማተብ ተፈታ ሲባል እያየ ዝም አይልም። «ክርስትና ስሙ ማን ይባላል?» እያልሁ ክሩን ተቀብዬ በለመደ እጄ መቋጠር ጀመርሁ፣ ሦስተኛውን ዙር ሳዞር ቀዩን ክር አየሁት። ለሕፃን አንገት እንዲበቃ አሳጥረውታል እንጂ ግምዱ የእኔ ነው። ሰው የገዛ እጁን ሥራ አይስትም።

«ማነው የሰጠሽ?»

«አባቱ ነዋ፣ ከአንገቱ ፈትቶ» አለችና ፈገግ አለች።

ልጮህም ፈለግሁ፣ ፀጉሯን ልይዝም ፈለግሁ፣ ግን ልጅ የታቀፈች ሴት ምን ትደረጋለች? ሕፃኑ ጣቴን ጨብጦ ይዞኛል፣ እጁ ይሞቃል። ንዴቴን ሁሉ ቋጠሮው ላይ ተወጣሁት፣ አጥብቄ አሰርሁት።

ድንበሩ ላይ ደወሌ ስንደርስ ፓስፖርት የሚያዩት ሰዎች ገቡ። የእኔን አይተው መለሱልኝና አለፉ። «የእሷንስ?» አልሁ። «የማንን?» አለኝ አንዱ። ዞር ስል መቀመጫው ባዶ ነው። የፉርጎው አስተናጋጅ ግራ ገብቶት «ከድሬዳዋ ጀምሮ እዚህ ብቻዎን ነዎት እኮ» አለኝ። ከፉርጎ ፉርጎ እየዞርሁ ፈለግኋት፣ የለችም። የሕፃኑ ሳቅ ግን እስኪነጋ ድረስ ከዚያው ከባዶው መቀመጫ ይሰማኝ ነበር።

ናጋድ ስንደርስ ታደለ እንዳለው ቆሟል፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት የሸሚዙን ቁልፍ እስከ አንገቱ ዘግቶ። ሊያቅፈኝ ሲመጣ ኮሌታውን ገለጥሁት። ባዶ ነው።

«ማተብህስ?»

«ወደብ ላይ ተበጥሶ ባሕር ገባብኝ፣ ልነግርሽ ፈርቼ ነው።»

«እኔ እኮ ሌሊት ባቡር ላይ አሰርሁት» አልሁት። ስለ ሴት፣ ስለ ሕፃን አንዲት ቃል አልተነፈስሁም።

ፊቱ አመድ መሰለ። «ልጁን ታቅፋው ነበር?» አለኝ።

እዚያው ሻንጣዬ ላይ ቁጭ ብሎ ሁሉንም ተናዘዘ። ድሬዳዋ ላይ ሌላ ጎጆ ቀልሶ ነበር፣ ወንድ ልጅ ወልዶ ነበር፣ ባለፈው ክረምት እናትና ልጅን ትኩሳት በአንድ ሳምንት ወሰዳቸው። ማተቡን ከልጁ አንገት ሳይፈታ ቀበረው። እኔን «ነዪ» ያለኝ እንግዲህ ናፍቆኝ አይደለም፣ ብቻውን መተኛት ፈርቶ ነው። ከመክዳቱ ይልቅ ይሄ ያንገበግበኛል።

ከጣቢያው ሳልወጣ በሚቀጥለው ባቡር ተመለስሁ። ባሕር ዳር ገብቼ ለአባቴ ስነግራቸው «ቅዠት ነው» ይሉኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፣ አላሉም። «ቋጠሮውን አጥብቀሽው ነበር?» አሉኝ።

«አዎ አባባ፣ በጣም።»

ተነሥተው ዳዊታቸውን ገለጡ። ታደለ አሁንም ሽማግሌ ይልክብኛል፣ እንቢ እላለሁ። ማታ ማታ ግን፣ መብራት አጥፍቼ ጋደም ስል፣ አንዳንዴ ጣቴን የሚጨብጠኝ ነገር አለ፤ ይሞቃል።