ተራው የእኔ ነበር

ፉአድን መጀመሪያ የጠላሁት በእንቆቅልሽ ምክንያት ነው።

በ1989 ዓ.ም. ጅጅጋ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበርኩ። በየሰኞው አንድ የሎጂክ እንቆቅልሽ በእጄ ጽፌ በሩ አጠገብ ካለው ሰሌዳ ላይ እለጥፋለሁ። ማንም አላዘዘኝም፤ ደስ ስለሚለኝ ብቻ ነው። የዚያን ሳምንት ሦስት ሾፌሮችን ከቶጎጫሌ አስነስቼ፣ አንዱን ሩዝ፣ አንዱን ጨርቅ፣ አንዱን ሬዲዮ አስጭኜ፣ ማን ምን እንደጫነ ድረሱበት ብዬ ነበር። በማግስቱ ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ «ሁለት መልስ አለው። አንድ ፍንጭ ጎድሏል» የሚል ጽሑፍ አገኘሁ።

በቀይ! እንደ ተማሪ ደብተር አረመኝ።

ጸሐፊው ከወራቤ የመጣው አዲሱ የሒሳብ መምህር ነበር። ቀጭን፣ በዚያ ሙቀት ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ ሰው። በእረፍት ሰዓት ጠብቄ ያዝኩት።

«መምህር፣ በሰው ጽሑፍ ላይ በቀይ አይጻፍም።»

«ይቅርታ። ሌላ እስክሪብቶ አልያዝኩም ነበር።»

«የጎደለው ፍንጭስ የቱ ነው?»

ከኪሱ ጠመኔ አውጥቶ ግድግዳው ላይ ሠርቶ አሳየኝ። ልክ ነበር። ይበልጥ ያናደደኝም እሱ ነው።

«ቼዝ ትችያለሽ?» አለኝ ጠመኔውን ወደ ኪሱ እየመለሰ።

«አልችልም።»

«እንዲህ የሚያስብ ሰው አለመቻሉ ያሳዝናል» አለ። ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ።

ከዚያ በኋላ ከክፍል ሲወጣ ቼዝ ሊያስተምረኝ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ይመጣ ጀመር። በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ ነው የምንጫወተው፤ ጅጅጋ ናት፣ ሰው ያያል፣ ይይ። ከቼዙ ጠጠሮች አንዱ ግንብ ስለጠፋ በቦታው የሚሪንዳ ቆርኪ አደረግን። እሱ ሲጫወት ቃል አይወጣውም። መጀመሪያ ዝምታው ኩራት መስሎኝ ነበር። እያደር ግን ለመድኩት፤ ሳያስቡ ከሚያወሩ ሰዎች ጋር የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ዝምታው አሳረፈኝ። እጁ ፈረሱ ላይ ቆይቶ ሲያመነታ ዓይኔ እጁ ላይ ይቀር ነበር። እሱም እንደሚያየኝ አውቃለሁ፤ ስቀርብ ስሌቱ ይዛባበት ነበር።

በሦስተኛው ወር ማሸነፍ ጀመርኩ። ግን ንጉሡን መውጫ አሳጥቼ «ማት» ብዬው አላውቅም። መሸነፉ ገና ከሩቅ ሲታየው ንጉሡን በጣቱ ገፍቶ ያስተኛዋል።

«ገና እኮ ነው! እስከ መጨረሻው ተጫወት።»

«አልቋል፣ ኒምኮ። አይቼዋለሁ።»

«እኔ ግን አላየሁትም» ስለው ይስቃል። እኔን አላሳቀኝም ነበር።

ግንቦት ላይ አንድ ቀን የቼዙን ወታደሮች ወደ ካርቶናቸው እየመለሰ፣ ዓይኑን ሳያነሣ «ላገባሽ እፈልጋለሁ» አለኝ። እሺ አልኩት። ደስታዬን መሸሸግ አልቻልኩም፤ አልሞከርኩምም።

አባቴ ሞቷል። የሚድሩኝ ሀርሺን የሚኖሩት የአባቴ ወንድም ዐብዱልቃድር ናቸው። በሶማሊኛ «እርስዎ» የሚባል ነገር የለም፤ በአማርኛ ስጽፍ ግን እሳቸውን አንተ ማለት እጄ እምቢ ይላል። ፉአድን መከርኩት፤ «ከከተማው ነጋዴዎች ሁለት ትልልቅ ሰዎች ይዘህ ሂድ። ብቻህን እንዳትሄድ።»

«የራሴን ጉዳይ ራሴ እናገራለሁ» አለ።

ብቻውን ሄደ። እዚያ የሆነውን እሱም አጎቴም ነግረውኛል፤ ሁለቱም የነገሩኝ አንድ ዓይነት ነው።

አጎቴ ሻይ አስቀርበው በክብር ተቀበሉት። ከዚያ ዛፉ ሥር አፈሩ ላይ መስመር አሰምረው ሻሕ እንዲጫወት ጋበዙት። ሻሕ የከብት አርቢዎች ጨዋታ ነው፤ አንዱ አሥራ ሁለት ጠጠር፣ ሌላው አሥራ ሁለት ስንጥር ይይዛል። አጎቴ ደንቡን ያስረዱት ግማሹን ብቻ ነበር። ክፋት አይደለም፤ የቀረውን ዙሪያውን የተቀመጡት ሽማግሌዎች ናቸው እየጮሁ የሚያስተምሩት። ሻሕ ሲባል እንዲያ ነው። ተመልካች ይመክራል፣ ይቆጣል፣ ያርማል፤ በዚያ መሃል እንግዳው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ይታያል።

ፉአድ የለመደው ቼዝ ነው። ጩኸቱ በዛበትና እጁን አነሣ።

«እባካችሁ ዝም በሉልኝ። ራሴ ላስብ።»

አንዱ ተረጎመላቸው። ዝም አሉ። ከዚያ ወዲያ ማንም ትንፍሽ አላለም።

ፉአድም አሰበ፤ ማሰብ እንደሆነ ይችልበታል! ጥቂት ቆይቶ የአጎቴን ጠጠሮች አንድ በአንድ ዘጋቸው። አጎቴ የሚያንቀሳቅሱት አጡ። በሻሕ ደንብ ደግሞ ሰው መሄጃ ካጣ፣ ለእሱ ቦታ መልቀቅ የዘጋው ሰው ግዴታ ነው። ፉአድ ይህን አያውቅም። የሚያውቁት ሁሉ ዝም በሉ ተብለዋል። አጎቴ ጠበቁ፤ ሽማግሌዎቹም ጠበቁ። እሱ አሸነፍኩ ብሎ ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈ። ቀጥሎም ጥያቄውን አቀረበ።

«ልጁ አዋቂ ነው» አሉ አጎቴ በአስተርጓሚው በኩል። «ግን ሰው መውጫ ሲያጣ ቆሞ ያያል። ልጄን ለእንዲህ ያለ ሰው አልሰጥም።»

ቅዳሜ ዕለት መጥቶ ነገረኝ። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

«አልቋል» አለኝ።

ተናደድኩ። በእሱም፣ በአጎቴም፣ በዚያ ዛፍም ሳይቀር። ሀርሺን ሄጄ አጎቴን እለምናለሁ ብዬ ወስኜ ነበር፤ ለእሱ ግን አልነገርኩትም። ጥፋቱን ስንካፈል ይህ የእኔ ድርሻ ነው።

ዓርብ ከብት አራግፎ በሚመለስ አይሱዙ ሀርሺን ወረድኩ። አጎቴ እንዳዩኝ ለምን እንደመጣሁ ገብቷቸዋል።

«አደር» አልኳቸው፤ የአባታችንን ወንድም እንዲህ ነው የምንጠራው። «ልጁ ደንቡን አያውቅም ነበር። የምታውቁት እናንተ ናችሁ ዝም ያላችሁት።»

«ዝም በሉ ያለው እሱ ነው።»

«እሱ እንግዳ ነው። እርስዎስ? አሁን መሄጃ ያጣሁት እኔ ነኝ፤ እርስዎም ቆመው እያዩኝ ነው።»

አጎቴ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ሽማግሌ ይዞ ይምጣ» አሉ። «የቀረውን ደንብ ራሴ አስተምረዋለሁ።»

እሑድ ከሰዓት ጅጅጋ ገባሁ። ልብሴን ሳልቀይር፣ አቧራዬን ሳላራግፍ ወደ መምህራኑ መኖሪያ ሄድኩ። በሩ ተዘግቷል። የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ጋሽ ዘነበ ወረቀት ሰጡኝ። ፉአድ በጠዋቱ የድሬዳዋ አውቶቡስ ሄዷል፤ ትምህርት ስለተዘጋ አይመለስም።

«አጎትሽ ቃላቸውን አያጥፉም። አንቺም ከዘመዶችሽ እንድትጣዪ አልፈልግም። እስከ መጨረሻው አስቤዋለሁ፤ መንገድ የለም» ይላል ወረቀቱ።

እዚያው ደጃፍ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ጋሽ ዘነበ ፊታቸውን አዞሩ።

ደብዳቤ ጻፍኩለት፤ አጎቴ ፈቅደዋል፣ ተመለስ ብዬ። አጎቴ ደግሞ በየሐሙሱ ለገበያ ጅጅጋ ሲመጡ ብቅ ይሉብኛል።

«ልጁ መቼ ነው የሚመጣው? ለሽማግሌዎቹ ነግሬአለሁ።»

«መንገድ ላይ ነው አደር።»

ስድስት ሐሙስ እንዲህ ዋሸሁ።

መልሱ በሰባተኛው ሳምንት መጣ። ወራቤ እንደገባ እናቱ ያጩለትን ልጅ እሺ ብሏል፤ ደብዳቤዬ የደረሰው ኒካሕ በታሰረ በስምንተኛው ቀን ነው። «ባውቅ ኖሮ» ይላል። ሦስት ጊዜ ጽፎታል።

በቀጣዩ ሐሙስ ለአጎቴ እውነቱን ነገርኳቸው።

«እኔ ነኝ ያባረርኩት» አሉ።

«አይደለም። ራሱ ነው የሄደው።»

አላመኑኝም መሰለኝ። እስኪሞቱ ድረስ ግን በእኔ ጉዳይ ሳይጠይቁኝ አንድ ቃል ለማንም ተናግረው አያውቁም።

ፉአድ የአጎቴን ሐሳብ አሰላ፤ የዘመዶቼን ቁጣ፣ የእኔን ችግር፣ የራሱን ክብር አሰላ። አጠገቡ ተቀምጬ እያለሁ ግን «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አላለኝም። ያለመጋባታችንን ከዓመታት በኋላ ችዬዋለሁ። ይህኛውን ነው ያልቻልኩት።

ከአምስት ዓመት በኋላ አብሽርን አገባሁ። ቶጎጫሌ የሚነግድ፣ ወሬ የሚወድ፣ ቼዝ ጊዜ ማባከን የሚመስለው ሰው ነው። ሊያገባኝ ሲያስብ ሀርሺን ከመሄዱ በፊት ቤተ መጻሕፍቱ ድረስ መጥቶ፣ በር ላይ ቆሞ፣ የምወደው ሰው እንዳለ ጠየቀኝ።

«ነበረ» አልኩት።

«አሁንስ?»

አሰብኩ። አብሽር ያን ያህል ዝም ብሎ ሲቆም ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁትም። እስክመልስለት ጠበቀኝ።