የፓርዋታ ሲሊንደር

የባሊ ደሴቱ ጠላቂ የፓርዋታ ሬሳ የተገኘው በጦርነቱ ዘመን በሰጠመችው መርከብና በኮራሉ አለት መካከል ነው፤ ከባሕሩ ዳር ድንጋይ ቢወረውሩ በሚደርስበት ቦታ። ከንፈሩ እንደ በርበሬ ቀልቷል። ሐኪሙ የተነፈሰው አየር በጭስ የተመረዘ ነው አለ።

ለኢንስፔክተር ራስሚኒ ምርመራው ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነባት። መንደሩ «መርከቧ ወሰደችው» ይላል። አለቃዋ በስልክ «ያንን የመናዶ ሰው ክሰሽ ዝጊው!» እያለ ይነዘንዛታል። ከሌላ ደሴት የመጣው ይህ የመናዶ ሰው፣ ሄንድሪክ፣ ባሕር መጥለቅ የሚያስተምር ነው። ቢጫ ፕላስተር የተለጠፈበት የፓርዋታ ንጹሕ የአየር ሲሊንደር ከእሱ የሲሊንደር ክምር ውስጥ ተገኝቷል፤ አንድ ሰው በተመረዘ ለውጦታል ማለት ነው። ሄንድሪክ ነገ በነፍስ ግድያ ሊከሰስ ነው።

«አልነካሁትም! ስንቴ ልንገርሽ?» አለ ከእስር ቤት።

«እኔ እስክሰለች። ከፓርዋታ ጋር ተጣልታችኋል?»

«ከእሱ ጋር ያልተጣላ ማን አለ? ኮራል የረገጠ ሰው ካየ ያብዳል።»

ራስሚኒ ሲሊንደር በአናቷ ተሸክማ ለጠላቂዎች የምታደርሰዋን ኔንጋህን መንገድ ላይ አገኘቻት።

«እትዬ ኔንጋህ፣ የፓርዋታን የት አኖሩት?»

«ዳር ላይ ነዋ! ከዚያ ሌላ ልሸከም ወጣሁ። መንገደኛው ሁሉ አይቶኛል፣ ጠይቂ።»

«ዳር ላይ ማን ቀረ?»

«ሄንድሪክና ዳርሳ። ዳርሳ እንኳ የሟች ሚስት ወንድም ነው፤ ምን ያደርጋል ብለሽ ነው?»

ራስሚኒ በንዴት ወደ ዳር ወረደች። ክምሩ ፖሊስ ካጠረው ወዲህ ማንም አልነካውም። የሄንድሪክ ሲሊንደሮች አናታቸው ወደ ባሕርም ወደ ጎንም ሆኖ ተዝረክርከዋል። ባለ ቢጫው ብቻ አናቱን ወደ ተራራው አድርጎ ተጋድሟል። ኢንስፔክተሯ ተሳደበች፤ መጀመሪያ ራሷን፣ ቀጥሎ አለቃዋን።

ከሰዓት በኋላ ሄንድሪክንም ከእስር ቤት አስመጥታ፣ የአባላቱን ሙታን በጋራ በሚሸኘው በመንደሩ ማኅበር አዳራሽ ሁሉንም ሰበሰበቻቸው። የዳርሳ አሮጊት እናትም በሰው ተደግፈው መጡ።

«ሄንድሪክ፣ ሲሊንደር ስታስቀምጥ አናቱን ወዴት ታደርጋለህ?»

«ወዴትም! ሲሊንደር አይደል እንዴ?»

«ሰማችሁ? እኛ ባሊዎችስ? ተራራው ቅዱስ ሆኖ ሳለ ራሱን ወደ ባሕር አድርጎ የሚተኛ አለ? ሲሊንደሩንም እጃችን ሳናዘው ወደ ተራራው ያዞረዋል። ስለዚህ ባለ ቢጫውን እዚያ ያጋደመው የእኛው ሰው ነው። እትዬ ኔንጋህ መንገድ ላይ ነበሩ። የቀረው ዳርሳ ነው፤ ጭስ በሚተፋው ጄኔሬተር አጠገብ ሲሊንደር አየር የሚሞላውም እሱ ነው።»

«የእህቴን ባል ምን ብዬ እገድላለሁ?» አለ ዳርሳ።

«የመርከቧን ነሐስ እየነቀልክ እንደምትሸጥ ደረሰብህ። ለማኅበሩ ሊናገር ነበር። እህትህ ለአንተ ብላ አፏን ይዛ ሰነበተች፤ ዛሬ ግን አልቻለችም፤ ነገረችኝ።»

ዳርሳ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረና ጮኸ።

«ከማኅበር ታስወጡኝ ነበራ! እናቴ ስትሞት ሬሳዋን ብቻዬን ልሸከም?»

አሮጊቷ ቀስ ብለው ቀና አሉ።

«አሁንስ ማን ሊሸከመኝ ነው፣ ልጄ?»

ራስሚኒ ካቴናውን እንደያዘች፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ እንኳ «እኛ አለንልዎት» እስኪል ጠበቀች። ማንም አላለም።